የፍሬን ሸራ መቼ ይለወጣል? ከጁባ መንገዶች የሚገኝ ትምህርት

መኪናን የሚያስኬደው ሞተር መሆኑን የማያውቅ የለም። ባለንብረቱ ሞተሩ ሲያጓራ ይሰማል፤ ሲያጨስ ያያል፤ ነዳጅ ሲያበዛም ኪሱ ይነግረዋል። ፍሬን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሰው እምቢ ባለ ዕለት ነው። ከፍሬን ክፍሎችም መካከል ይበልጥ የሚዘነጋው ከቸርኬው በስተጀርባ ተሸሽጎ ሥራውን የሚሠራው ሸራ ነው። ሌሎቹ የተሽከርካሪ አካላት በተቻለ መጠን እንዳያልቁ ታስበው ሲሠሩ፣ ሸራ ግን ዲስኩን ጨብጦ ጎማውን ባቆመ ቁጥር ራሱ እየተፋቀ እንዲያልቅ ሆኖ የተሠራ ዕቃ ነው። ስለሆነም ያልቃል ወይስ አያልቅም ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። ዋናው ጉዳይ ማለቁን ቀድሞ የሚያውቀው ባለመኪናው ነው ወይስ መንገድ የሚያቋርጠው እግረኛ የሚለው ነው።

ይህን ጉዳይ በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው በጁባ ከተማ መመልከት ይጠቅማል። የሱዳን የሰላም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2005 ከተፈረመ በኋላ፣ ይልቁንም ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሥራ ወደዚያች ከተማ ተጉዘዋል። ሆቴልና ምግብ ቤት የከፈተ አለ፤ በንግድ የተሠማራ አለ፤ የውሃ ቦቴ ገዝቶ ወይም ተቀጥሮ የሚያሽከረክርም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ያቋቋመው የአካባቢ ጥበቃ ኃይል ወደ ጁባ በተላከ ጊዜም የኢትዮጵያ ወታደሮች በውስጡ ነበሩ። በዚህም የተነሳ በጁባ አቧራ ላይ መሪ የጨበጠ የአገራችን ሰው ቁጥሩ ጥቂት አይደለም።

የደጋው ሾፌር ፍሬንን የሚያውቀው በቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ፣ የጣርማ በርን ጭጋግ ያለፈ፣ በሊማሊሞ ጥምዝምዝ የተፈተነ ሰው የዚህን ትምህርት ከመጽሐፍ አይማርም። በጎሐ ጽዮንና በዓባይ ድልድይ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻውን ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ መንገድ ላይ ከባድ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን በሞተር ጉልበት ይዞ መውረድ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሳያነሣ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሾፌር ሸራው ግሎ የማቃጠል ሽታ ሲያመጣ፣ ፔዳሉ ሲረገጥም መኪናው እንደ ልማዱ ሳይታዘዝ ሲቀር ያየዋል። ፍሬን በጠሰ የሚባለውም አደጋ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው እንዲህ ባለው ሥፍራ ስለሆነ፣ ለደጋው ሰው የፍሬን ችግር ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣው ገደልና ኩርባ ነው።

ጁባ ግን ሜዳ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ በስተምዕራብ ካለው ከጀበል ኩጁር ኮረብታ በቀር ለሾፌር የሚያስፈራ ዳገትና ቁልቁለት የሌላት ከተማ ነች። የሊማሊሞን ፈተና ያለፈ ሾፌር እዚያ ሲደርስ «እዚህ ፍሬን ምን ይሆናል?» ቢል አይፈረድበትም። ስሕተቱ ግን ከዚሁ ይጀምራል። በቁልቁለት የሚመጣው የፍሬን ድካም ቶሎ የሚደርስ፣ በሽታና በጭስ የሚታወቅ ነው። በሜዳ ከተማ ላይ ሸራን የሚጨርሰው ነገር ግን ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይናገር፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየላጠ የሚሠራ ነው።

ነገሩን በሙቀት ብንመለከተው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ፍሬን የመኪናን ሩጫ አያጠፋውም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆይቶ ፍሬን ተይዞ ቢቆም፣ በሸራውና በዲስኩ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ግማሽ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህም የአንድ መለስተኛ ጀበና ውሃ ማለት ነው። ከገበያ እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ 30 ጊዜ የሚቆም ሾፌር 30 ጀበና አፍልቷል ብሎ መቁጠር ይቻላል። ጁባ ላይ ደግሞ የሚያስቆመው ብዙ ነው። ቦዳ ቦዳ እየተባለ የሚጠራው የኪራይ ሞተር ብስክሌት ሳይታሰብ ከጎን ይገባል፤ እግረኛው በሁሉም ቦታ ያቋርጣል፤ ጎድጓዳው መንገድ ሩጫ በጀመረው መኪና ፊት ድንገት ይደቀናል።

በዚህ ላይ አቧራው አለ። በበጋ ወራት በጁባ ጥርጊያ መንገዶች ላይ የሚነሣው ቀይ አቧራ ደቃቅ አሸዋ ያለበት በመሆኑ፣ በሸራውና በዲስኩ መካከል ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ያው አቧራ ጭቃ ሆኖ ካሊፐሩ በሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ላይ ይጋገራል። ካሊፐር ማለት ዲስኩን ከሁለት ወገን እንደ መቆንጠጫ የሚጨብጠው ብረት ነው። ይህ ብረት ወዲያና ወዲህ መንሸራተት ሲያቅተው ከሁለቱ ሸራዎች አንዱ፣ ብዙውን ጊዜም የውስጠኛው፣ ብቻውን እየሠራ ቀድሞ ያልቃል። በውጭ በኩል ያለው ሸራ ወፍራም ሆኖ እየታየ በውስጥ በኩል ያለው ብረቱ ላይ ደርሶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ጎማው ሳይወልቅ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ አይቶ «ደኅና ነው» ብሎ መሄድ በደረቅና በንጹሕ አገር ቢያስኬድም በጁባ ግን አያስተማምንም።

የውሃ ቦቴዎቹ ነገር ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። የጁባ ከተማ ነዋሪ አብዛኛው በቧንቧ ሳይሆን ከነጭ ዓባይ ተቀድቶ በቦቴ በሚታደል ውሃ ሲጠቀም የኖረ ነው። በዚህ ሥራም ከሌሎች ጋር የኤርትራና የኢትዮጵያ ተወላጆች ተሠማርተው ቆይተዋል። 10,000 ሊትር ውሃ 10 ቶን ነው። ውሃ ደግሞ እንደ ስሚንቶ ከረጢት በአንድ ቦታ ተቀምጦ የሚጫን ዕቃ አይደለም። በርሜሉ ሙሉ ሲሆን ያን ያህል አይናወጥም፤ ባዶም ሲሆን ችግር የለበትም። ከሁሉ የሚከፋው ግማሹ ተቀድቶ ግማሹ ሲቀር ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ በውስጡ ያለው ውሃ ወደ ፊት ተወርውሮ የበርሜሉን ግንባር ይመታና፣ ሊቆም የነበረውን መኪና መልሶ ይገፋዋል። በበርሜሉ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው የብረት ግድግዳዎች ካሉ ይህን ማዕበል ይሰብሩታል፤ በየመንደሩ በብየዳ የሚሠሩ በርሜሎች ሁሉ ግን እነዚህ ግድግዳዎች አሏቸው ማለት አይቻልም። ከነጭነቱ 18 ቶን የሚመዝን ቦቴ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆይቶ ሲቆም የሚፈጥረው ሙቀት ከ5 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል። ቦቴው የሚቆመውም ባልዲና ጀሪካን የያዙ ሴቶችና ልጆች በሚጠብቁበት በር ላይ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በከተማው ውስጥ ካሉት ተሽከርካሪዎች ሁሉ ሸራው በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው ቦቴ ነው።

ሸራ በስንት ኪሎ ሜትር ይለወጣል የሚለው ጥያቄ በሁሉም ጋራዥ ይሰማል። በልምድ ከ30,000 እስከ 70,000 ኪሎ ሜትር የሚል መልስ ይሰጣል። ከአንዱ ቁጥር እስከ ሌላው ያለው ርቀት ይህን ያህል ከሰፋ፣ መልሱ መልስ አለመሆኑን አንባቢ ራሱ ይፈርዳል። በረጅም አስፋልት የሚጓዝ መኪና 70,000ውን ሊያልፍ ይችላል፤ በጁባ ገበያ አካባቢ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሽከረከር ሚኒባስ ደግሞ የዚያን ግማሽ ላያደርስ ይችላል። ስለሆነም ሸራ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሚሊ ሜትር ነው። የቤት መኪና አዲስ የፊት ሸራ ከብረት ጀርባው ሌላ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መለወጥ ይገባል። አምራቾች 2 ወይም 1 ሚሊ ሜትር የሚል የመጨረሻ ወሰን ቢያስቀምጡም፣ ያ ወሰን ከዚያ በታች ፈጽሞ አይነዳ ማለት እንጂ እስከዚያ ድረስ ይጠበቅ ማለት አይደለም። መለኪያ የሌለው ሰው የክብሪት እንጨት ይያዝ። የአንድ ክብሪት እንጨት ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሸራው ውፍረት ከክብሪቱ ብዙም የማይበልጥ ከሆነ ቀኑ ደርሷል።

ሸራው ጥቂት ከቀረው ጥቂት ይሠራል ብሎ መገመትም አይገባም። ሸራ ከመፋቅ ሌላ አንድ ሥራ አለው፤ ይኸውም ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ እንዳያልፍ መከለል ነው። ሸራው ሲሳሳ ይህ መከለያ አብሮ ይሳሳል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ጠጥቶ ሲያረጅ ግን ይህ መጠን ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት የሚጨመቅ ስለሆነ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰምጦ መኪናው መሄዱን ይቀጥላል። የሳሳ ሸራና ያረጀ ዘይት በአንድ መኪና ላይ ሲገናኙ የሚያመጡት መዘዝ ይህ ነው። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ የሚመከረውም ለዚሁ ነው፤ ለረጅም ወራት ዝናብና እርጥበት በሚሰነብትበት አገርም ምክሩን ችላ ማለት አይበጅም።

ብዙ ሾፌሮች የሚጠብቁት ድምፅ ነው። በእርግጥ በአንዳንድ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ትደረጋለች። ሸራው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ይህች ምላስ ዲስኩን እየነካች ቀጭን ፉጨት ታሰማለች። ነገር ግን በርካሽ ዋጋ በሚሸጡት ሸራዎች ላይ ይህች ምላስ ብዙ ጊዜ የለችም። ብትኖርም በጄኔሬተርና በሞተር ብስክሌት ጩኸት መካከል የሚሰማት ጆሮ ማግኘት ያስቸግራል። በሌላ በኩል ደግሞ ሌሊት ዝናብ ያደረበት ዲስክ ጠዋት ላይ በቀላሉ ዝጎ ጥቂት ጊዜ ይንጫጫል፤ ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ ስለሆነ አያሳስብም። ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ የሚሰማው ከባድ የመፋቅ ድምፅ ግን ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ ሸራው ካለቀ በኋላ የሚሰማ ነው። ያን ጊዜ ዲስኩም እየተበላ ስለሆነ የሚከፈለው ዋጋ የሸራ ብቻ አይሆንም። መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ከላይ የተነገረው የካሊፐር መጣበቅ ይጠርጠር። ፔዳሉ እግር ሥር የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከሸራው ሳይሆን ከዲስኩ ነው።

ከድምፅ ይልቅ ታማኝ የሆነ ምልክት በሞተሩ ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ እርሱም የፍሬን ዘይቱ ጠርሙስ ነው። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ፒስተኖቹ ወደ ዲስኩ እየቀረቡ ይወጣሉ፤ በለቀቁት ቦታም ዘይት ይገባል። በዚህም ምክንያት ምንም ቱቦ ሳያፈስ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዘይት ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ይህን ሲያይ ወዲያው ዘይት የሚሞላ ሾፌር ለመኪናው ያዘነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የተላከለትን መልእክት ሳያነብ ደፍኖታል። ዘይቱ ሲጎድል መጀመሪያ የሚታየው ሸራው ነው፤ ሸራው ደኅና ከሆነ የሚፈስ ቦታ ይፈለጋል። በሞላው ዘይት ላይ አዲስ ሸራ ሲገባም ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ስለሚገፉ ዘይቱ ሞልቶ ይፈስና የመኪናውን ቀለም ይልጣል።

በወታደር ተሽከርካሪ አያያዝ ሥርዓት ከጉዞ በፊት፣ በጉዞ ላይና ከጉዞ በኋላ የሚደረግ ምርመራ አለ። የሲቪሉ ሾፌር ይህን ልማድ ቢወርስ ምንም አይጎዳም። ከጉዞ መልስ እጅን ወደ ቸርኬዎቹ ማስጠጋት ብቻ ብዙ ይናገራል፤ ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ በዚያ በኩል ያለው ሸራ ዲስኩን ሳይለቅ እየተጎተተ መጥቷል ማለት ነው። ቸርኬው እጅግ ሊግል ስለሚችል እጅን ማስጠጋት እንጂ መንካት አያስፈልግም። ዝናቡ ሲገባና ሲወጣ ደግሞ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ ቡሎኖቹን ፈትቶ፣ የውስጡንም የውጪውንም ሸራ በዓይን ማየት ይገባል። በኋላ በኩል ታምቡር ባላቸው እንደ ሃይስ ባሉት ሚኒባሶችና በከባድ መኪናዎች ላይ ሸራው በውጭ አይታይም፤ ታምቡሩን አውልቆ ወይም ከበስተጀርባው ባለው ቀዳዳ ማየት ያስፈልጋል። ሸራው በሪቬት የተያዘ ከሆነ ገጹ ወደ ሪቬቶቹ ራስ ሲቃረብ፣ ሳይነካቸው መለወጥ አለበት።

ከጁባ ወጥቶ ወደ ኡጋንዳ ድንበር የሚሄደው የኒሙሌ መንገድ ሌላ ነገር ያስተምራል። 192 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ይህ መንገድ በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ አስፋልት ሆኖ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከከተማው ሲወጣ ነጭ ዓባይን መሻገር ግድ ነው። ጃፓን ያሠራችው 560 ሜትር ርዝመት ያለው የነፃነት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2022 እስኪመረቅ ድረስ በጁባ የነበረው መሻገሪያ አሮጌው የብረት ድልድይ ብቻ ነበር። በነገራችን ላይ በዓባይ በረሃ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይም በጃፓን ርዳታ የተሠራ ስለሆነ፣ የሁለቱም ዓባዮች ሾፌሮች ለአንድ አገር ባለ ውለታ ናቸው። መንገዱ ጥርጊያ በነበረበት ዘመን መኪና በጉድጓድና በጭቃ እየተጓተተ ስለሚሄድ ደካማ ፍሬን ያለውም ሾፌር ብዙ ሳይቸገር ይደርስ ነበር። አስፋልቱ ሲመጣ ግን ፍጥነቱ ጨመረ። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ፍሬኑ ሊያስወግደው የሚገባው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለመቆም የሚያስፈልገውም ርቀት እንዲሁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ያልታየ የሸራ ጉድለት በ80 ላይ ይታያል። በደቡብ ሱዳን የሚነዳው በቀኝ በኩል ሲሆን በኡጋንዳ በግራ ነው። ከዚያ የሚመጡት መኪናዎች መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ፣ ቀድሞ ለማለፍ የሚፈልግ ሾፌር ከፊቱ የሚመጣውን የሚያየው ዘግይቶ ነው፤ ዘግይቶ ያየ ደግሞ አጥብቆ ይረግጣል።

መለዋወጫውም በአብዛኛው የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በገበያ ላይ ማኅተሙ የታወቀ የሚመስል፣ ዋጋው ግን የማይታመን ሸራ ሞልቷል። የሸራው ጠርዝ እንደ ደረቀ ቂጣ በጥፍር የሚፈረፈር ከሆነ፣ ከብረት ጀርባው ጋር የተጣበቀበት መስመር ክፍተት ካለው፣ ሁለቱ ጥንድ ሸራዎች ውፍረታቸው የማይተካከል ከሆነ መተው ነው። አሮጌውን ሸራ በእጅ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። የእኛ ሰው ከጣሊያንኛ ወርሶ ፍሬን የሚለውን የጁባ ሰው በዐረብኛው ፈራሚል ይለዋል፤ ቸርኬና ቡሎን፣ ክሪክና ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት እዚያ አይሠሩም። ባለሱቁ ግን ዕቃውን ካየ አስተርጓሚ አይፈልግም።

በጋራዡ ውስጥ ደግሞ ብዙ የማይነገርለት ሌላ አደጋ አለ። በቀደመው ዘመን የፍሬን ሸራ ይሠራ የነበረው አስቤስቶስ ከሚባል ማዕድን ጭምር ነበር። ይህ ማዕድን ከሳንባ ውስጥ የማይወጣ ደቃቅ ጭረት ያለው፣ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ስለተረጋገጠ በብዙ አገሮች ታግዷል። ምንጩ በማይታወቅ ሸራ ውስጥ ግን የለም ብሎ መማል አይቻልም። በታምቡር ውስጥ የተከማቸውን ጥቁር ዱቄት በአየር መንፊያ ወይም በአፍ እፍ ብሎ ማራገፍ የየጋራዡ ልማድ ነው። ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ለመማር የመጣው ልጅ ነው። ዱቄቱን በውሃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ ምንም ወጪ የለውም፤ ጋራዥ ያለው ሰው ይህን ዛሬውኑ ሊያዝ ይገባዋል።

ሸራው የሚለወጠው በጥንድ ነው። የቀኝ የፊት ጎማ ሸራ አልቆ የግራው ጥቂት ቢቀረውም ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስታል። የካሊፐሩ ዘንጎች ከተጋገረው ጭቃ ጸድተው ሙቀት በሚችል ቅባት ይቀባሉ፤ በጁባ ይህ ካልተደረገ አዲሱም ሸራ እንደ አሮጌው በአንድ ወገን ማለቁ አይቀርም። የዲስኩ ውፍረት በራሱ በዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን በታች ከሆነም አብሮ ይለወጥ። ሥራው ሲያልቅ ፔዳሉ ከመነሣት በፊት እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ ሊረገጥ ይገባል፤ ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ስለተገፉ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ ይህን ዘንግቶ ከጋራዥ በር ሳይወጣ ግድግዳ የመታ መኪና ጥቂት አይደለም። ከዚያ በኋላ ጭር ባለ መንገድ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት 20 ጊዜ ያህል በለስላሳው እየያዙ፣ በመካከሉም እንዲቀዘቅዝ ጊዜ እየሰጡ፣ አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ ማድረግ ያስፈልጋል። ቦቴ ከሆነ ይህን ሙከራ ባዶውን ያድርግ፤ ወደ ወንዙ ወርዶ ውሃ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው።